የበረኛ አፍ፦ ግብ ጠባቂዎች ጅማ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር እንዴት ይግባባሉ?

በረኛ ሜዳውን ከነሙሉው ከፊቱ የሚያይ ተጫዋች ነው። ተከላካዩ ከጀርባው ማን እንዳለ አያይም። ስለዚህ የበረኛ ሥራ ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በአፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሲካሄዱ ዘመኑ የኮሮና ነበር። ያኔ ግርግር በሌለበት ሜዳ ላይ ጎልቶ የሚሰማው ይሄው አፍ ነበር።

ቃላቱ አጫጭር ናቸው። «የኔ!» ካለ ኳሱን ሊይዝ እየወጣ ነው፤ ከመንገዱ ዞር በሉ። «ሰው!» ማለት ከኋላህ እየመጣብህ ነው ማለት ነው። «ብቻህን ነህ» ከሆነ ተረጋግተህ ዙር። «አውጣው!» ሲል ደግሞ አታስብ፣ ጠልዘው። ጅማ ላይ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ስለሚቀላቀሉ «ተወው» እና «ዺሲ» በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሊሰሙ ይችላሉ። ሁለቱም አንድ ትርጉም አላቸው፤ ችግር የለውም።

ችግሩ ያለው «ያዘው!» ላይ ነው። ኳሱን ነው ወይስ ሰውዬውን? አማርኛችን አይለይም። ተከላካዩ እስኪያሰላስል አጥቂው አልፏል። ብልህ በረኛ መጀመሪያ ስም ይጠራል፣ ከዚያ «ሰውየውን!» ይላል። ኳሱ አናት ላይ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ «የኔ!» ደግሞ ከዝምታ ይብሳል፤ ሁለቱ ይጋጫሉ።

በሰፈር ጨዋታ ሌላ ጣጣ አለ። የአሥራ ስድስት ዓመት በረኛ ከፊቱ የቆመውን ታላቁን «ውጣ!» ብሎ መጮህ ያፍራል። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን ቀድሞ ይነግራቸዋል፦ ሜዳ ላይ አንቱታ የለም።

የጅማ ዝናብ ሲወርድ ወይም ተመልካቹ ሲጮህ ድምፅ አይበቃም፣ እጅ ይናገራል። ቅጣት ምት ሲሰጥ በረኛው ለግድግዳ ስንት ሰው እንደሚፈልግ በጣቱ ያሳያል። ከዚያ ቋሚው ጋ ቆሞ በእጁ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ያስጠጋቸዋል። ቋንቋ ለማያውቅም ይሄ ይጠቅማል። የከተማው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም.፣ ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ በረኛው ጋናዊው ዳንኤል አጄዬ ነበር። ከውጭ ለመጣ በረኛ ከተከላካዮቹ ጋር አምስት ስድስት ቃል መስማማት ብዙ ነው።

ሕጉም አፉን እንዲጠቀም ያስገድደዋል። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ መንካት አይችልም። ስለዚህ ሲጫኑት «አትመልሰው!» ብሎ መቅደም አለበት። ጩኸቱ ግን ልክ አለው። ተቀናቃኝን ለማታለል «የኔ!» ብሎ የጮኸ ተጫዋች፣ በረኛም ይሁን ሌላ፣ ቢጫ ካርድ ያያል፤ ለተጋጣሚውም ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል።