ኦክስጅን ሴንሰር ነው የተባላችሁ ሰዎች እስቲ ቆም በሉ

ጋራዥ ውስጥ ሳልሰማው የማልውለው ነገር ቢኖር «የሞተሩ መብራት (ቼክ ኢንጅን) በርቶ ኮምፒውተር አስነበብኩት፣ ኦክስጅን ሴንሰር ነው አለኝ» የሚለው ነው። ኧረ እንደዛ አላለም! ብዙ ጊዜ ያወጣው ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ ነው፣ ያ ማለት ደግሞ ሞተሩ ውስጥ ከቤንዚኑ አንፃር አየር በዝቷል ማለት ነው። ሴንሰሩ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ ነው፣ ያየውን ነው የተናገረው፣ እናንተ ምስክሩን አስራችሁ ሌባውን ትለቁታላችሁ።

ባለፈው አንድ ደንበኛዬ የ2003 ኮሮላ ይዞ መጣ፣ ሴንሰር አስቀይሮ መብራቱ በሳምንቱ ተመልሶ በርቶ፣ «የመጀመሪያው ፎርጅድ ይሆናል» ተብሎ ሁለተኛ ገዝቶ፣ እሱም ያው። ኮዱን ትቼ ፊውል ትሪሙን (ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ምን ያህል እየጨመረ ወይ እየቀነሰ እንደሚያስተካክል) አየሁት፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ) ፕላስ 25 ፐርሰንት፣ ነዳጅ ሰጥቼ 2500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ 6 ወረደ። ይሄ ከስሮትሉ (ነዳጅ ስትሰጡ ከሚከፈተው የአየር በር) በኋላ በሆነ ቀዳዳ አየር እየሾለከ ነው፣ ምክንያቱም ስሮትሉ ሲከፈት ዋናው አየር ስለሚበዛ የቀዳዳዋ ድርሻ ያንሳል። ቁጥሩ ከዙሩ ጋር እየጨመረ ቢሄድ ኖሮ የአየር መለኪያውን ወይ የነዳጅ ግፊቱን ነበር የምጠረጥረው። ከሞተሩ ኋላ ጣት በማይደርስበት ቦታ አንዲት የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ አገኘኋት፣ ዋጋዋን ስነግረው ሰውየው መሳቅም መናደድም አቃተው።

«ባትሪውን ንቀለውና መልሰው» የሚለውም አለ። መብራቱ ይጠፋል አዎ፣ ግን ብዙው ኮድ መብራቱን የሚያበራው ብልሽቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲታይ ስለሆነ ለጥቂት ቀን ዝም ሲል ዳነ ይባላል፣ ብልሽቱ በስንት ፍጥነትና በስንት ሙቀት እንደተፈጠረ የተመዘገበውም አብሮ ይጠፋል። እባካችሁ መብራቱ እንደበራ አምጡልኝ።

ዘይት መቀየር መብራቱን አያጠፋውም። «አሮጌ መኪና ነው፣ ያበራል» ብሎ መተውም አይሆንም፣ በተለይ ብልጭ ድርግም ካለ አንዱ ሲሊንደር በደንብ እየነደደ አይደለም፣ ያልነደደው ቤንዚን ካታሊቲኩ (የጭስ ማጣሪያው) ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ ፍጥነት ቀንሱና ዳር ያዙ። ኮዱ ፒ0301 ከሆነ (1ኛው ሲሊንደር በደንብ አልነደደም ማለት ነው) ኮይል፣ ማለትም ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን፣ ከመግዛታችሁ በፊት የ1ኛውን ኮይል ከ3ኛው ጋር አቀያይሩ፣ ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ያኔ ግዙ፣ ካልዞረ ካንዴላውን እዩ።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ «መብራት የለውም ንፁህ ነው» ሲሏችሁ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ያኔ መብራቱ የግድ መብራት አለበት፣ ካልበራ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይ ነቅለውላችኋል።