በካሳንድራ የራስን ዳታ ታይፕ መፍጠር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መረጃን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አሰራጭቶ የሚያስቀምጠው ዳታቤዝ አፓቼ ካሳንድራ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው 2.1 ቨርዥን ጀምሮ ተጠቃሚው የራሱን ዳታ ታይፕ (የመረጃ ዓይነት) እንዲፈጥር ይፈቅዳል። ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና ስልክ የሚሉ መስኮችን ሰብስቦ «አድራሻ» የሚባል ታይፕ መሥራት፣ ከዚያም በደንበኞች ሠንጠረዥ ውስጥ እንደ አንድ ኮለም መጠቀም ይቻላል። ላይ ላዩን ሲታይ በጃቫ ክላስ ከመጻፍ አይለይም፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ክላስ የሚኖረው በአንድ ፕሮግራም ሜሞሪ ውስጥ ሲሆን ይህኛው ግን በብዙ ኖዶች (ዳታቤዙ በሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች) ዲስክ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል።

«ፍሮዝን የሆነ ዋጋ አንዴ ከተጻፈ አይለወጥም»

ይለወጣል። የማይቻለው ከፊሉን ብቻ መለወጥ ነው። ፍሮዝን ማለት ኮለሙ ሲፈጠር የሚመረጥ የአቀማመጥ ዓይነት ነው፤ መስኮቹ በሙሉ እንደ አንድ የባይት ጥቅል ስለሚቀመጡ ስልክ ለመቀየር ሙሉውን አድራሻ መልሶ መጻፍ ግድ ይላል። ስልኩን ብቻ ሞልታችሁ ብትልኩ የቀሩት መስኮች ነል (ባዶ) ይሆናሉ። ዳታቤዙም ምንም ቅሬታ አያሰማም።

«እኔ ስልኩን፣ ሌላው ወረዳውን ስለሆነ የምንቀይረው አንጋጭም»

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። አንድ የአፕሊኬሽን ሰርቨር አድራሻውን አንብቦ አዲስ ስልክ ይሞላል፤ በዚያው ቅጽበት ሌላ ሰርቨር ያንኑ አሮጌ አድራሻ አንብቦ ወረዳውን ያርማል። ሁለቱም ሙሉውን መልሰው ይጽፋሉ። ካሳንድራ እንዲህ ያለውን ግጭት የሚዳኘው በታይምስታምፕ (ጽሑፉ በያዘው የሰዓት ምልክት) ነውና የኋለኛው ያሸንፋል፦ ወረዳው ታርሞ ስልኩ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ለሁለቱም «ተሳክቷል» ተብሏል፣ ሎጉ ላይ ምንም ምልክት የለም፣ ደንበኛው ደውሎ እስኪያማርር ድረስ የሚያውቅ የለም።

«በኮረም ነው የምንጽፈው» ማለትም አያድንም። ኮረም የሚያረጋግጠው ጽሑፉ ለአብዛኞቹ ሬፕሊካዎች (የመረጃው ቅጂ ላለባቸው ኖዶች) መድረሱን ነው፤ በመሃል ሌላ ሰው ጽፎ እንደሆነ አይጠይቅም። ያንን የሚጠይቀው ላይትዌይት ትራንዛክሽን (ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ ብቻ የሚጽፍ ትእዛዝ) ሲሆን ፓክሶስ በተባለ የስምምነት ስልት ስለሚሠራ በኖዶች መካከል ተጨማሪ ምልልስ ያስከፍላል። ሌላው መንገድ ፍሮዝን ያልሆነ ኮለም ነው፤ ከ3.6 ቨርዥን ወዲህ ይቻላል። እያንዳንዱ መስክ የራሱ ሴልና የራሱ ታይምስታምፕ ስለሚኖረው፣ እያንዳንዱ ሰርቨር የቀየረውን መስክ ብቻ እስከላከ ድረስ ሁለቱም ለውጦች ይተርፋሉ።

«እንግዲያው ፍሮዝንን ጨርሶ መተው ነው»

አይደለም። ፍሮዝን ባልሆነ ኮለም ላይ ሙሉ ዋጋ በጻፋችሁ ቁጥር ካሳንድራ ከሥሩ ያለውን ለማጥፋት ቱምስቶን (የስረዛ ምልክት) ያኖራል፤ ረድፉ አዲስ ቢሆንም እንኳ። ቱምስቶን ሲበዛ ንባብ ይዘገያል። ደግሞም ታይፕ በታይፕ ውስጥ ሲገባ ወይም የፕራይመሪ ኪይ (የረድፉ መለያ ቁልፍ) አካል ሲሆን ፍሮዝን መሆኑ ግዴታ ነው።

እኔ የምመዝነው መስኮቹ አብረው ይለወጣሉ ወይ ብዬ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የብር መጠንና የገንዘብ ዓይነት አብረው ስለሚሄዱ ፍሮዝን ይስማማቸዋል። ስልክ ግን ሰው ቤት ሳይቀይርም ይቀየራል፤ እውነቱን ለመናገር አድራሻ ውስጥ መግባትም አልነበረበትም፣ ለብቻው ኮለም ይበቃዋል።

«ታይፑን በኋላ እንደፈለግን እናስተካክለዋለን»

ታይፕን በሚቀይረው በኦልተር ታይፕ ትእዛዝ የሚፈቀደው አዲስ መስክ መጨመርና የመስክ ስም መቀየር ብቻ ነው። መጨመሩ ቀላል ነው፤ አሮጌ ረድፎች አዲሱን መስክ ነል አድርገው ያነቡታል። መስክ መሰረዝ ግን የለም። የመስክን ዓይነት መቀየር በቀድሞዎቹ ቨርዥኖች ይፈቀድ ነበር፤ ተወግዷል። ዲስክ ላይ ያሉት ፋይሎች አንዴ ከተጻፉ ስለማይነኩ፣ በአሮጌው ዓይነት የተጻፈ ባይት በአዲሱ ሲነበብ ትርጉም ሊያጣ ይችላል። የቤት ቁጥርን ኢንቲጀር ያደረገ ሰው «123/ለ» የሚል ቤት ሲመጣበት ያለው አማራጭ አዲስ መስክ ጨምሮ መረጃውን ማሸጋገር ነው፤ አሮጌው መስክ እዚያው ይቀራል።

«ትእዛዙ ተቀባይነት ካገኘ ሁሉም ኖድ ያውቀዋል»

የስኪማ (የሠንጠረዦችና የታይፖች አወቃቀር) ለውጥ ወደ ሌሎቹ ኖዶች እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ የወደቀ ኖድ ካለ ደግሞ ይብሳል። ኖዶቹ መስማማታቸው በኖድቱል ዲስክራይብክላስተር ትእዛዝ ይታያል፦ ለሁሉም አንድ የስኪማ ቨርዥን መውጣት አለበት። የአፕሊኬሽኑ ቅጂዎች ሁሉ ሲነሱ ታይፑን ለመፍጠር የሚሽቀዳደሙበት አሠራር የተለመደ ነው፤ አይመከርም። ለውጡ ከአንድ ቦታ፣ ለብቻው ይሂድ።

«አንዴ የተፈጠረ ታይፕ በየትም ይሠራል»

የሚሠራው በተፈጠረበት ኪስፔስ (ሠንጠረዦችን አንድ ላይ በሚይዝ ክፍል) ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ኪስፔስ ካስፈለገው እዚያም እንደገና ይፈጠራል፤ አንዱ ላይ መስክ ሲጨመር ሌላው አይከተልም።