ራስን መቻል በ90 ቀን፦ የስደተኞች ሰፈራ በአሜሪካ

በአማርኛ «ራሱን ቻለ» ሲባል ብዙ ነገር ይታየናል። ልጁ ከወላጆቹ ቤት ወጣ፣ ቤት ተከራየ፣ ለእናቱም መላክ ጀመረ ማለት ነው። የአሜሪካ የስደተኞች ደንብም ራስን መቻል ይላል፤ ትርጉሙ ግን ጠበብ ይላል። አንድ ቤተሰብ ከመንግሥት የገንዘብ ድጎማ ሳይቀበል በገቢው ከኖረ፣ በደንቡ መሠረት ራሱን ችሏል። በቃ። ሆቴል ውስጥ አልጋ ያንጥፍ ወይም በተማረው ምህንድስና ይሥራ፣ ደንቡ አይጠይቅም። ሰፈራው እንዴት እንደሚሠራ መረዳት የፈለገ ከዚህች ልዩነት ቢጀምር ይሻለዋል።

እዚህ የምናወራው «በፕሮሰስ መጣ» ስለምንለው ሰው ነው። ሱዳን ወይም ኬንያ፣ አንዳንዱም ኢትዮጵያ ውስጥ ካምፕ ተመዝግቦ፣ ተጠይቆና ተመርምሮ፣ ለሦስተኛ አገር የተመረጠ ማለት ነው። በዲቪ የመጣው ወይም እዚህ ደርሶ ጥገኝነት የጠየቀው መንገዱ ሌላ ነው። ይህን ዕድል የሚያገኘው ደግሞ በዓመት ከዓለም ስደተኞች ከመቶ አንዱ እንኳ አይሞላም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አሠራሩንም የምገልጸው ጥር 2025 ላይ ቅበላው ከመቆሙ በፊት እንደነበረው ነው።)

ሥርዓቱን ያቆመው ፕሬዚዳንት ካርተር በመጋቢት 1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ነው። ከዚያ በፊትም አሜሪካ ስደተኛ ትቀበል ነበር፤ ግን ቀውስ በመጣ ቁጥር በተናጠል በሚደረግ ውሳኔ ነበር። ሕጉ ሲወጣ በደርግ ዘመን ወደ ሱዳን የሸሸው የእኛ ሰው ካርቱምና ገዳሪፍ ተቀምጦ ይጠብቃል። በ1980ዎቹ ከአፍሪካ በዚህ መንገድ የገቡት አብዛኞቹ፣ ያኔ በአንድ አገር ስም የሚቆጠሩትን ኤርትራውያን ጨምሮ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው።

ሥራውን መንግሥት ራሱ አይሠራውም። ከአስር ከማይበልጡ አገር አቀፍ ድርጅቶች ጋር ይዋዋላል፤ እነሱ ደግሞ በየከተማው ቅርንጫፍ አላቸው። አንዳንዶቹ የቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ሂያስ የሚባለው ከአይሁድ ማኅበረሰብ የወጣ ነው፤ አይ አር ሲ (ዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ) የተጠነሰሰው በ1933 በአልበርት አንስታይን ሐሳብ አመንጪነት ነው። አንዱ ደግሞ የእኛው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አዲስ የመጣን ስደተኛ ኤርፖርት ላይ የሚያስታውቀው ከረጢቱ ነው። አይ ኦ ኤም (ጉዞውን የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅት) የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበት ነጭ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ወረቀት ብቻ። ከእጁ አይለየውም፤ ሽንት ቤት እንኳ ይዞት ይገባል። ኬዝ ወርከሩ፣ ማለትም ጉዳዩን የሚከታተለው የድርጅቱ ሠራተኛ፣ ከሩቅ በከረጢቱ ለይቶ ይቀበለውና ወደተዘጋጀለት ቤት ይወስደዋል።

ቤቱ ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት ውሉ ላይ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። አልጋና ፍራሽ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ በሰው ቁጥር ወንበር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሳህን፣ ሹካና ኩባያ። ሶፋም አለ። ደወል ያለው ሰዓትም አለ! ሥርዓቱ ከሰውዬው ምን እንደሚጠብቅ ከዚህች ሰዓት በላይ የሚናገር ነገር አላየሁም፦ ነገ ማልደህ ትነሣለህ። በዚያው ልክ ደግ የሆነ ነገርም አለ፤ ሲደርሱ ባህላቸውን የሚመስል ትኩስ ምግብ ይጠብቃቸው ይላል። ሐበሻ ባለበት ከተማ አንዲት እናት ድስቷን ይዛ ትመጣለች። በሌለበት «አፍሪካዊ ምግብ» ተብሎ ሩዝ በኦቾሎኒ የቀረበላቸው እንዳሉ ሰምቼ ስቄያለሁ።

ከዚያ 90 ቀን ይቆጠራል። በነዚህ ቀናት ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ይወጣል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ሕክምና ይታያል፣ የአውቶቡሱ አሳፈርና የ911 (የአደጋ ጊዜ ስልክ) አደዋወል ይለመዳል። የጭስ ደወሉ ቡና ሲቆላ ለምን እንደሚጮህ ማንም አስቀድሞ አይነግርህም፤ እሱን ጎረቤት በሩን ሲያንኳኳ ነው የምትማረው።

ገንዘቡ ትንሽ ነው። ለዚህ መቀበያ በነፍስ ወከፍ የሚሰጠው 900 ዶላር የነበረ ሲሆን በ2010 እጥፍ ሆኖ 1,800 ገባ፤ ከዚያ ላይ የድርጅቱም ወጪ ይነሣል። ከዚህ ሌላ ልጅ ለሌላቸው ስደተኞች የሚሰጥ ወርኃዊ ድጎማ አለ፤ ታሪኩ የመቆረጥ ታሪክ ነው። በ1980 ሲጀመር እስከ 36 ወር ይሰጥ ነበር። 18 ሆነ፣ 12 ሆነ፣ በ1991 ደግሞ 8 ወር። በ2022 ወደ 12 ከተመለሰ በኋላ በ2025 ወደ 4 ወር ወረደ። በአራት ወር ቋንቋ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ኪራይ ይከፍላል ብሎ ያሰበ ሰው ራሱ ተሰዶ እንደማያውቅ ግልጽ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚያዘው በምርጫ ሳይሆን በቅርበት ነው። ሆቴል፣ መጋዘን፣ የሥጋ ፋብሪካ፣ ኤርፖርት፣ የመኪና ማቆሚያ። ስደተኛው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ መሥራት ስለሚፈቀድለት ፈቃድ የመጠበቅ ጣጣ የለበትም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ያለው እዚያው ሲቀር ነው። በአገሩ ሐኪም የነበረ ሰው በአብዛኛው ፈተናዎቹን አልፎ እንደገና ሬዚደንሲ (የሐኪሞች የሆስፒታል ሥልጠና) መግባት አለበት፤ ሌሊት ሣጥን እየጫነ ቀን ማጥናት ደግሞ ለሁሉም አይሆንለትም። ኧፕዋርድሊ ግሎባልን የመሰሉ ድርጅቶች የተማረውን በሙያው ለማስገባት ይሠራሉ። አቋራጩን የሚመርጥም አለ፤ የነርስ ረዳት ኮርስ ወስዶ፣ ቆይቶ ነርስ ይሆናል።

ሌላም ዕዳ አለ። የአውሮፕላኑ ትኬት ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው። ወለድ የለውም፤ ከደረሱ ከስድስት ወር በኋላ ግን በየወሩ መክፈል ይጀመራል። ሚስቱንና ስድስት ልጅ ይዞ የመጣ አባት የስምንት ሰው ትኬት ይከፍላል። የሚከላከሉለት «ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) ይገነባል» ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ግን በዕዳ መጀመር በዕዳ መጀመር ነው።

አሁን ወደ እኛው። በ1983 ዶክተር ፀሐዬ ተፈራ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስልን መሠረቱ። ኢሲዲሲ እንለዋለን። ለሐበሻ ብሎ የተነሣው ድርጅት በኋላ አገር አቀፍ አስፋሪ ሆኖ ከየትም የመጣ ስደተኛ ይቀበላል፤ ዴንቨር ያለው አፍሪካን ኮሚዩኒቲ ሴንተር ቅርንጫፉ ነው። ለእኔ ትልቁ ሥራው ግን ብድሩ ነው። ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ የተባለው ክንፉ ባንክ ዞር ብሎ ለማያየው ሰው ለአነስተኛ ንግድ ያበድራል። ክሬዲት የሌለው፣ መያዣ የሌለው፣ ግን እንጀራ መጋገር ወይም መኪና መንዳት የሚችል ሰው እዚያ ይሰማል።

እሱ ከመኖሩም በፊት ዕቁብ ነበር። የዋሽንግተን ዲሲ ሐበሻ ታክሲ የገዛበትን ገንዘብ ቢጠይቁት ስንቱ «ዕጣ ወጥቶልኝ ነው» ይላል። አስር ሃያ ሰው በየሳምንቱ ያዋጣል፣ ባለ ዕጣው ቅድሚያ ይከፍላል፣ ይነዳል፣ ዕቁቡን ከታክሲው ገቢ ይጨርሳል። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ፣ ዋሱ ስም ነው። ዕድሩም እንዲሁ ነው፤ ሬሳ ወደ አገር ቤት መላክ ስንት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። የኬዝ ወርከሩ ፎርም ላይ ይህ ሁሉ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ሰው ወደ ሰው መሄዱንም ፎርሙ አያስቆመውም። ድርጅቱ አንዳንዴ ማንንም ወደማያውቅበት ከተማ ይመድበዋል፤ እሱ ግን የአጎቱን ልጅ ስልክ ይዟል። በሁለተኛው ወር ግሬይሃውንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲያትል ነው። ድርጅቶቹ ያዝናሉ፤ የተዘጋጀው አገልግሎት ሁሌም አብሮት አይሄድም። የአጎት ልጅ ሶፋ ግን ቀጠሮ አይጠይቅም።

በ2024 የበጀት ዓመት በዚህ መንገድ ከ100,000 በላይ ሰው ገብቶ ነበር። ጥር 2025 ላይ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሁሉም ቆመ። ዕቃውን ሸጦ፣ ተሰናብቶ በረራ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ባለበት ቀረ፤ የሕክምና ምርመራው ጊዜ ሲያልፍም እንደ አዲስ ነው። ለ2026 የበጀት ዓመት በ2025 የተወሰነው ጣሪያ 7,500 ነበር፤ የሚበዛው የታሰበውም ለነጭ ደቡብ አፍሪካውያን ነው። እዚህ ያሉትም አልቀረላቸውም፤ በ2025 ክረምት የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) አውጥቷቸዋል።

ድርጅቶቹም ሠራተኛ ቀነሱ። ከተቀነሱት ኬዝ ወርከሮች ብዙዎቹ ራሳቸው አንድ ቀን ያንን ነጭ ከረጢት ይዘው የወረዱ ናቸው። ለሌላው ሲቪ ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰዎች አሁን የራሳቸውን እየጻፉ ነው።