ከድሬዳዋ ወደ ባሕር በባቡር፦ የጅቡቲ ጉዞና አዘገጃጀቱ

ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው ባሕሩ ከአዲስ አበባ ይቀርባል። በቀድሞው የባቡር ሐዲድ ሲለካ ከድሬዳዋ ጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ግን ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጅቡቲ ውስጥ አጎት ወይም አክስት ያላቸው የድሬዳዋ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ለንግድ፣ ለሥራና ለዘመድ ጥየቃ መመላለሱም የትውልዶች ልማድ ነው። ይህ መቀራረብ ግን አንዳንዱን መንገደኛ ያዘናጋዋል። ባሕር ዳር ሄዶ ለማረፍ የሚነሣ ሰው የሚሻገረው የአገር ድንበር ነው፤ ገንዘቡም፣ የሰዓት አቆጣጠሩም፣ የአየሩ ጠባይም ይለወጡበታል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከባቡር ትኬት መጀመር የለበትም። መጀመሪያ ወቅቱ ይመረጣል፤ ቀጥሎ ወረቀቱ ይሟላል፤ ባቡሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከባቡሩ በፊት የሐረር ባሕር ዘይላ ነበረች። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ በግመል ቅፍለት ወርዶ ዘይላ ላይ ጀልባ ይጠብቃል፤ ጨውና ጨርቁ በዚያው መንገድ ይወጣል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም ሐረር የገባው ከዘይላ ተነሥቶ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)፤ መንገዱም ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። ሐረር ተቀምጦ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ደግሞ በ1883 ዓ.ም እግሩ ታሞ በሰው ሸክም በቃሬዛ ወደዚያው ወደብ ወረደ። በረሃውን ለማቋረጥ ወደ 12 ቀን ወስዶበታል፤ ከወራት በኋላም በ1884 ዓ.ም መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ጉዞ የሚያማርር ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረርን ማገናኘት ነበር። ይሁን እንጂ ሐረር ከባሕር ጠለል ወደ 1900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ሐዲዱን በዚያ ገደል ላይ ማውጣት እጅግ የከበደና ውድ ሥራ ሆነ። በዚህ ምክንያት መሥመሩ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነና ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ሰፈር ድሬዳዋ ሆና ያደገችው እንዲህ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት በፈረንሳዮች ፕላን ቀጥ ባሉና በዛፍ በተጋረዱ መንገዶች ከዚራ ተቆረቆረች፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ በራሷ መንገድ ሰፋች። ድሬዳዋን ባቡር የወለዳት ከተማ ማለት ማጋነን አይደለም። ጥገናው፣ ጋራዡ፣ የሠራተኛው ሰፈር፣ ፈረንሳይኛ የሚናገረው ሽማግሌ ሁሉ የዚያ ውልድ ነው።

ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያ በገንዘብ ተቸግሮ ሥራው ለዓመታት ቆመና በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጠለ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ታሪክ በዚህ መሥመር ተመላልሷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተው ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። በ1969 ዓ.ም ጅቡቲ ነፃነቷን ባገኘችበት ወቅት የሶማሊያ ጦርነት መሥመሩን ቆረጠው፤ በኋላ ተጠግኖ ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ሐዲዱ እያረጀ፣ ባቡሩ በየመንገዱ እየቆመ ሄዶ በ2000 ዓ.ም አካባቢ የአዲስ አበባው፣ ጥቂት ቆይቶም የጅቡቲው ጉዞ ተቋረጠ።

አሁን የሚሠራው ባቡር ሌላ ነው። በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ መሥመር በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 2009 ዓ.ም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ባለቤቶቹ ሁለቱ መንግሥታት ናቸው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ 75 በመቶ፣ የጅቡቲ 25 በመቶ ነው። ባቡሩን ሲያንቀሳቅሱ የቆዩት የቻይና ኩባንያዎች በ2016 ዓ.ም ሥራውን ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን አስረክበዋል። መሥመሩ በዋናነት የተሠራው ለጭነት ነው፤ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ያልፋልና። ይሁን እንጂ የመንገደኛው ፉርጎ እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም። ይህ መሥመር ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ያመላለሰ ነው፤ ለምሥራቁ ሕዝብም ወደ ባሕር የሚወስድ የራሱ በር ነው።

ወቅቱን መምረጥ

ድሬዳዋ ሙቀት የለመደች ከተማ ብትሆንም የጅቡቲ በጋ ሌላ ነው። በእኛ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ደጋው ክረምት ሆኖ ሲበርደው፣ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ይነድዳል፤ ከምዕራብ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይመጣል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚሁ ወራት ስለሆነ ልጆቹን ይዞ በሐምሌ ባሕር መውረድ ብዙ ቤተሰብን ያጓጓል። አይመከርም። ትንንሽ ልጆችና አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሄድ ባሕሩን በእውነት ይደሰትበታል። በዚያን ጊዜ አየሩ ለስለስ ይላል፣ ውኃውም አይቀዘቅዝም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ በአርታ ዳርቻ፣ ሰው የማይነካው ግዙፉ ዓሣ፣ በነጠብጣብ ያጌጠው የዓሣ ነባሪ ሻርክ ይታያል።

ወሩን ሲመርጡ ረመዳንን ማሰብ ያስፈልጋል። ጅቡቲ የሙስሊም አገር ናት፤ በጾሙ ወር ቀን ቀን አብዛኛው ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ከተማውም የሚነቃው ማታ ነው። የሥራ ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ስለሆነ ዓርብ ወደ መሥሪያ ቤት መሄድ ልፋት ብቻ ነው።

ወረቀቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ

ቢያንስ ስድስት ወር ዕድሜ የቀረው ፓስፖርት፣ ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ሦስቱ ዋና ዋናዎች ናቸው። የጅቡቲ ቪዛ አስቀድሞ በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል። የድንበር አካባቢ ነዋሪዎች ከሚጠቀሙበት አሠራር ጋር የቱሪስቱን ጉዞ ማደባለቅ ለችግር ይዳርጋል። «ጎረቤቴ በመታወቂያ ነው የተሻገረው» የሚል ወሬ ሰምቶ የተነሣ ሰው ከድንበሩ ከደወሌ ሊመለስ ይችላል። ልጆች የሚጓዙ ከሆነ የእያንዳንዳቸው ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀታቸው አብሮ መያዝ አለበት፤ ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ሲወጣ የሌላው ስምምነት በጽሑፍ ቢኖር ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

ብዙ መንገደኛን የሚያሳስተው ግን ቀንና ሰዓት ነው። ጅቡቲ ከእኛ ጋር በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ብትሆንም የምትቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምራ ነው። የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት እዚያ ስምንት ይባላል፤ የእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ደግሞ እዚያ ሁለት ነው። የመመለሻ ሰዓቱን አንዱ በአንዱ ሲሰማ ስድስት ሰዓት ሙሉ ይሳሳታል፤ ባቡሩም ይሄዳል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ቪዛው፣ ፓስፖርቱና የሆቴል መያዣው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ጳጉሜን ተሻግሮ የሚጓዝ ሰው ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጽፎ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ሰዓት ሲጠይቁ «በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብሎ ማረጋገጥ ሊያሳፍር አይገባም፤ ድሬዳዋ ውስጥ ጣቢያ ላይ የሚሠራ ሰው ጥያቄውን የለመደው ነው።

ጣቢያውና መንገዱ

አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። ከዚራ መሐል ያለው የድሮው ለገሃር አይደለም፤ ባጃጅ ሲይዙ ይህን በግልጽ መናገር ያሻል። ከሐረር የሚመጣ መንገደኛ በሐረማያና በደንገጎ ቁልቁለት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ነው ድሬዳዋ የሚደርሰው፤ ስለዚህ በዋዜማው ወርዶ ማደር ይሻላል፤ በማግስቱ ጠዋት ደንገጎ ላይ አንድ ከባድ መኪና ቢበላሽ ጉዞው ይበላሻል።

የመንገደኞች ባቡር በየቀኑ ላይሄድ ይችላል፤ የጉዞ ቀኖቹም ይለዋወጣሉ። ትኬት ከመቁረጥ በፊት የሳምንቱን ፕሮግራም ከጣቢያው ራሱ መጠየቅ፣ የመመለሻውንም ቀን አብሮ ማወቅ ግድ ነው። ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ስለሆነ ስሙ እንደ ፓስፖርቱ መጻፉ ይታይ። ፉርጎዎቹ መቀመጫ ያላቸውና መኝታ ያላቸው ተብለው ይለያያሉ፤ ለዚህ ርቀት መቀመጫው ይበቃል፤ ሕፃን ወይም በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ ካገኘ ግን መኝታው ዋጋ አለው። ሻንጣ ስለሚፈተሽ ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል። ውኃና ስንቅ መያዝ አይዘንጋ፦ ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ፍርፍርም ቢሆን።

መንገዱ ከድሬዳዋ ወጥቶ በሺኒሌ በኩል የሲቲ ዞንን ሜዳ ይይዛል። ግራር፣ ግመል፣ ፍየል፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሞላ መሬት፤ ይህ የኢሳ አርብቶ አደሮች አገር ነው። አዲጋላንና አይሻን አልፎ ደወሌ ድንበር ላይ ይደረሳል። ከዚያ ወዲያ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል፣ በመጨረሻም ከጅቡቲ ከተማ ጠርዝ ላይ ያለው ናጋድ ጣቢያ ይመጣል። ሆልሆል ላይ ፈረንሳዮች ለመጀመሪያው ባቡር በሸለቆ ላይ የገነቡት የብረት ድልድይ የዚያን ዘመን ድካም ይመሰክራል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች መንገዱ በጠቅላላው ቁልቁለት ነው፤ እየወረዱ ሲሄዱ አየሩ እየከበደና እየረጠበ ይሰማል። በፓስፖርቱ ላይ የኢትዮጵያ መውጫ ማኅተምና የጅቡቲ መግቢያ ማኅተም ሁለቱም መኖራቸውን እዚያው ማየት ይገባል፤ አንዱ ከጎደለ ችግሩ የሚመጣው በመመለሻው ነው።

ባሕሩ ላይ

ጅቡቲ ከተማ ወደብ ናት። ከተማው ጫፍ ያለው ባሕር ሲሸሽ ጭቃ ትቶ ስለሚሄድ ለመዋኘት አይመችም፤ «ባሕሩ ይሄ ነው?» ብሎ ቅር የሚለው ብዙ ነው። የሚዋኝበት ዳርቻ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ለቤተሰብ ዶራሌና ኾር አምባዶ ቅርቦቹ ናቸው፤ በመኪና ይደረሳል። አርታ ይርቃል፣ ግን ውኃው የጠራ ነው። ከከተማው ፊት ለፊት ያሉት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች በጀልባ የሚኬድባቸው ሲሆኑ በኮራል የተከበቡ ናቸው፤ ኮራል እግር ስለሚቆርጥ የውኃ ጫማ ያስፈልጋል። ጊዜ ያለው ሰው በመርከብ ተሻግሮ ታጁራን ያያል። ነጭ ቤቶቿና መስጊዶቿ ለሐረር ሰው አዲስ አይሆኑበትም፤ ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ጭኖ የተነሣውም ከዚች ከተማ ነበር። ወደ ውስጥ የሚገባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛውን የአሳልን የጨው ሐይቅ ያገኛል።

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1965 ዓ.ም ጀምሮ አንዱ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተቆርጦለት አልተለወጠም፤ ስለዚህ ወጪን በዶላር ማስላት ቀላል ነው። ብርና የውጭ ምንዛሪ ይዞ የመውጣት ገደብ ስላለ ባንክ ጠይቆ ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል። አብዛኛው ዕቃ ከውጭ ስለሚገባ ኑሮው ውድ ነው፤ የድሬዳዋን ዋጋ አስቦ የሄደ ሰው ገንዘቡ ባላሰበው ቀን ያልቅበታል። የሚያዋጣው በየመን አሠራር ለሁለት ተከፍሎ በምድጃ የተጠበሰው ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር ነው፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ቢሆኑም ሶማልኛ የሚችል የድሬዳዋ ሰው አይቸገርም፤ አማርኛ የሚሰማም በገበያው አይጠፋም። በሕዝብ ዳርቻ ላይ ሴቶችም ወንዶችም ሸፈን ያለ የመዋኛ ልብስ ቢለብሱ ለባለአገሩ ክብር ነው። በወደቡና በወታደራዊ ሥፍራዎች አቅራቢያ ፎቶ ማንሣት ጨርሶ አይሞከርም።

በመመለሻው ዕቃ የገዛ ሰው የጉምሩክ ፍተሻ ይጠብቀዋል፤ ለቤት የሚበቃውንና ለንግድ የሚመስለውን ሠራተኛው በመጠኑ ስለሚለይ ደረሰኝ አለመጣል ነው። የባቡሩ ቀን ቢያልፍ ወይም ጉዞው ቢሰረዝ ከደወሌ ድሬዳዋ የሚያደርስ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የክፍያ አስፋልት መንገድ አለ። ለዚህ ሲባል ከቪዛው ማብቂያ በፊት ሁለት ቀን ትርፍ ይተው፤ ለአንድ ሌሊት ማደሪያና ለመኪና የሚሆን ገንዘብም ሳይነካ ይቀመጥ።