ዊንዶውስ 10ን ወደ 11 ማሳደግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም (ኦክቶበር 14፣ 2025) ነው። ከዚያ ወዲህ «ቶሎ ወደ 11 ካላሳደግከው ጉድ ይፈላል» የሚልም፣ «የሚሠራን ነገር አትነካካ» የሚልም ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማል። ሁለቱም ኮምፒውተሩን ሳያዩ የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። ውሳኔው የሚያርፈው ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ፣ ዊንዶውሱ በምን ፈቃድ እንደሚሠራና በየቀኑ በሚከፍቷቸው ፕሮግራሞች ላይ ነው።

«ዊንዶውስ 10 ስለተዘጋ ኮምፒውተሩ ከእንግዲህ አያገለግልም»

ኮምፒውተሩ እንደ ትናንቱ ይነሳል፣ ዎርዱም ክሮሙም ይከፈታል። የቆመው በየወሩ ይመጣ የነበረው ነፃ የደህንነት ማሻሻያ ነው። ጉዳቱ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፦ ለ11 የተደፈነ ቀዳዳ በ10 ላይም ካለ፣ አጥቂዎች የት መፈለግ እንዳለባቸው ከማሻሻያው ራሱ ይረዳሉ።

ጊዜ መግዣ ግን አለ። ለቤት ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም (ኦክቶበር 13፣ 2026) ይዘልቃል። ለመመዝገብ ኮምፒውተሩ 22ኤች2 በሚባለው የ10 የመጨረሻ ስሪት ላይ መሆን አለበት፤ የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልጋል። ክፍያው 30 ዶላር ወይም 1000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ ነው፤ ሴቲንግዎን በዊንዶውስ ባክአፕ ካመሳሰሉ ደግሞ በነፃ ይሆናል። በአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና የሚኖሩ ሰዎች ባክአፑን ሳያበሩም በነፃ መመዝገብ ይችላሉ። የምዝገባው ሊንክ ያለው ሴቲንግስ ውስጥ፣ የዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው። አንዱ ምዝገባ እስከ 10 ኮምፒውተር ስለሚያገለግል ቤተሰብ ሊጋራው ይችላል።

«አንቲቫይረስ ካለኝ ይበቃኛል»

አይበቃም። የዊንዶውስ ዲፌንደር በ10 ላይ አዳዲስ የቫይረስ መለያዎችን እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ማግኘቱን ይቀጥላል፤ ይህ መልካም ነው። አንቲቫይረስ ግን የሚያውቀውን አደገኛ ፋይል ያግዳል እንጂ የዊንዶውሱን የራሱን ቀዳዳ አይደፍንም።

«መፈተሻው ‹አይደግፍም› ካለ አበቃ»

ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለው የማይክሮሶፍት ነፃ መፈተሻ ቀይ ምልክት ሲያሳያቸው ላፕቶፑን ለሽያጭ የሚያወጡ አሉ። መጀመሪያ ቀዩ ምልክት የቱ መስፈርት ላይ እንዳረፈ ማየት ነው። 11 የሚጠይቀው 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴክዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም የሚያግድ) ያለው ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት)፣ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፎች መጠበቂያ) እና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ፕሮሰሰር ነው። ላፕቶፕ ላይ በእርግጥ መፍትሔ የማይገኝለት ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል።

ቲፒኤም «የለም» ሲባል ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው። በኢንቴል «ፒቲቲ»፣ በኤኤምዲ «ኤፍቲፒኤም» በሚል ስም ባዮስ (ከዊንዶውሱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ደጋግመው ከተጫኑ ባዮሱ ይከፈታል። ከመግባትዎ በፊት ግን ቢትሎከር (የዊንዶውሱ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ እንደሆነ ያረጋግጡ። በርቶ ከሆነ ለጊዜው ሰስፔንድ ያድርጉት፣ ባለ 48 አሃዙን የመመለሻ ቁልፍም ወረቀት ላይ ይጻፉት። ያለዚያ ባዮሱን ነክተው ሲወጡ ሰማያዊ ገጽ ቁልፉን ይጠይቅዎታል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም።

ሴክዩር ቡት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዊንዶውሱ የተጫነው በአሮጌው «ሌጋሲ» መንገድ ከሆነ ዲስኩ የተከፋፈለው በኤምቢአር ስልት ነው። ባዮሱን ዝም ብለው ወደ ዩኢኤፍአይ ቢቀይሩት ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ዲስክ አጣሁ ብሎ ይቆማል። በዚህ ደንግጠው ፎርማት የሚያስደርጉ አሉ፤ ባዮሱን ወደ ሌጋሲ ቢመልሱት ግን ሁሉም ነገር እንደነበረ ይነሳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ከፍተው «ባዮስ ሞድ» ከሚለው ፊት ያለውን ያንብቡ። «ሌጋሲ» የሚል ከሆነ ፋይልዎን ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ይክፈቱና ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣውን፣ ዲስኩን ከኤምቢአር ዩኢኤፍአይ ወደሚፈልገው ጂፒቲ ስልት የሚቀይረውን ኤምቢአር2ጂፒቲ (mbr2gpt) የተባለ መሣሪያ መጀመሪያ በ«ቫሊዴት» (/validate)፣ ካለፈ በኋላ በ«ኮንቨርት» (/convert) ያስኬዱት። በሁለቱም ጊዜ «አላውፉልኦኤስ» (/allowFullOS) የሚለው ትእዛዝ ካልተጨመረ ዊንዶውሱ በርቶ ሳለ መሣሪያው እሺ አይልም። ቫሊዴት ላይ ከወደቀ የዲስኩን ክፍልፋዮች ይቁጠሩ፤ መሣሪያው የሚቀበለው እስከ ሦስት ዋና ክፍልፋይ ስለሆነ አራተኛው ያሰናክለዋል። ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ የሚቀየረው ኮንቨርቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሴክዩር ቡት ደግሞ ከዚያ ይበራል።

«ስገዛው 11 ተጭኖበት ስለነበር ይደግፋል ማለት ነው»

ያገለገለ ላፕቶፕ ገበያ ላይ ይህ አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተዘጋጀ ፍላሽ የ11ን መስፈርቶች ዘሎ መጫን ስለሚችል፣ ስክሪኑ ላይ 11 መታየቱ ስለ ዕቃው ምንም አያረጋግጥም። መታየት ያለበት የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው። ኮር አይ5-8250ዩ የሚል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ትውልዱን ይናገራል፤ 10210ዩ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ተነበው 10ኛ ትውልድ ይሆናል። ኢንቴል ከጥቂት የ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በቀር ከ8ኛው ጀምሮ ይደገፋል። ኤኤምዲ ራይዘን ከሆነ ሙሉ ስሙን ከማይክሮሶፍት ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይሻላል፤ በ2000 ተከታታይ ውስጥ የተካተተም የተዘለለም አለ።

የላፕቶፑ ሞዴል ብቻውን አይበቃም። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ዴል ላቲቲዩድ 7480 የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ናቸውና ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ቲንክፓድ ቲ480 እና ኤሊትቡክ 840 ጂ5 በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ቢሆኑም ኮር አይ5-7300ዩ የተገጠመላቸውም ተሸጠዋል። አካላቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ከውጭ አይለዩም። ሻጩ ፊት ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ከፍቶ «ፕሮሰሰር» የሚለውን መስመር ማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ትቶ መሄድ ነው።

በማይደገፍ ኮምፒውተር ላይ 11ን ተዘሎ መጫን ክልክል አይደለም፣ ብዙዎቹ ላይም ይሠራል። ማይክሮሶፍት ግን ለእነዚህ ኮምፒውተሮች ማሻሻያ ለመስጠት ኃላፊነት አይወስድም። ወርኃዊው ማሻሻያ በአብዛኛው ቢመጣም በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ ስሪት በራሱ አይገባም፤ በየጊዜው በእጅ መጫን ይጠይቃል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የ11 ስሪት 24ኤች2 ደግሞ ፖፕካውንት የሚባለው የፕሮሰሰር ትእዛዝ በሌላቸው እንደ ኮር 2 ዱዎ ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ጨርሶ አይነሳም።

«ወደ 11 መሄድ ማለት ፎርማት ማድረግ ነው»

ማሳደግና ፎርማት አድርጎ መጫን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ22ኤች2 ላይ ያለ ዊንዶውስ 10 ሲያድግ ፋይሉም ፕሮግራሙም ባለበት ይቆያል። «ኪፕ ፐርሰናል ፋይልስ ኤንድ አፕስ» የሚለው መመረጡን ብቻ ያረጋግጡ፤ ሲ ድራይቭ ላይም 25 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ቢኖር ይመረጣል። ፎርማት የሚያስፈልገው ዊንዶውሱ ቀድሞም የተበላሸ ወይም በቫይረስ የተያዘ ከሆነ ነው።

ፎርማት ካደረጉ በአማርኛ የሚጽፉ ሰዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። በናያላ ፎንት የተጻፈ ሰነድ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ተለውጦ፣ መስመሩ ተዛንፎ፣ 40 ገጽ የነበረው ሌላ ቁጥር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሰነዱ አልተበላሸም። ናያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ወደ አማራጭ ክፍል ስለተዛወረ ዎርድ በሌላ ፎንት ተክቶት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብተው «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ሲጭኑ ይመለሳል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የቪዥዋል ግዕዝና የመሳሰሉት ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፦ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ከፎርማት በፊት የዊንዶውሱን የፎንት ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ደግሞ የድርጅቱን ዳታ ፎልደሩን በመገልበጥ ብቻ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ አድርገው ያውጡት፤ የመጫኛ ቁጥሩም በእጅ መኖሩን አስቀድመው ይዩ።

«አንዴ ከገባ መመለሻ የለውም»

እስከ 10 ቀን ድረስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ገብቶ «ጎ ባክ» ማለት ይቻላል። የቀድሞው ዊንዶውስ የሚቀመጠው «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ነው፤ ቦታ ለማስለቀቅ ብለው ካጠፉት መመለሻው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፕሪንተሩንም ስካነሩንም የሒሳብ ፕሮግራሙንም በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይሞክሯቸው።

«11 ኮምፒውተሩን ያፈጥነዋል»

አያፈጥነውም። በሚሽከረከር ሃርድዲስክ የሚሠራ ኮምፒውተር 10ም ላይ ቀርፋፋ ነው፣ 11 ላይ ይብሳል። በወረቀት 4 ጊጋባይት ራም ይበቃል ይባል እንጂ ክሮምና ዎርድ አብረው ሲከፈቱ ያንቃል፤ 8 ጊጋባይት ቢኖር ይሻላል። ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) ያስገቡ፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ማስነሳት ይታያል።

«በክራክ አክቲቬት አድርጌዋለሁ፣ ያው ነው»

ሴቲንግስ ውስጥ የአክቲቬሽን ገጹን ይክፈቱ። «ዲጂታል ላይሰንስ» የሚል ከሆነ ማሳደጉ በነፃ ነው። የቤት ኮምፒውተር ሆኖ ሳለ በድርጅት የአክቲቬሽን አገልግሎት እንደሚሠራ ከጻፈ ግን በየ180 ቀኑ መታደስ ያለበት የኬኤምኤስ ክራክ ነው። ክራኩ ሲጫን ዲፌንደርን አጥፉ ይላል፤ ለደህንነት ብሎ ወደ 11 የሚያሳድግ ሰው በዚያው እጁ በሩን እየከፈተ ነው።

የሚያስቆጨው ብዙ ላፕቶፕ ክራኩ ጭራሽ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ከዊንዶውስ 8 ዘመን ጀምሮ አምራቾች የዊንዶውሱን ቁልፍ እናት ሰሌዳው ላይ ያኖሩታል። በዊንዶውስ 10 የተሸጠ የ8ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ቁልፉ ሆም ለሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ለሚባለው ከሆነ ፕሮ ሲጫንበት ኢንተርኔት እንዳገኘ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። የሆም ቁልፍ ባለው ላይ ፕሮ ተጭኖ «አልነቃም» ሲል ነው ብዙ ጊዜ ወደ ክራክ የሚኬደው።

«ዳታ ይጨርሳል፣ መብራት ከጠፋም ኮምፒውተሩ ይሞታል»

የ11 መጫኛ አይኤስኦ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ አንዴ ከማይክሮሶፍት ገጽ ከወረደ ግን ለቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ይበቃል። በፍላሽ ሲያዞሩት «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካለ ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ነው፤ ይህ ስልት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልምና ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይቀይሩት። በ10 ላይ አይኤስኦውን ሁለቴ ተጭኖ ሴትአፕ የሚለውን ማስኬድ ይበቃል፤ መጀመሪያ ላይ ማሻሻያ ላውርድ ወይ ሲል «አሁን አይደለም» ማለት ዳታ ይቆጥባል።

ማሳደጉ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ዊንዶውስ በአብዛኛው ወደ 10 ራሱን ይመልሳል። በእርግጥ የሚያስፈራው የባዮስ ማሻሻያ ላይ ሳለ መጥፋቱ ነው፤ ያኔ እናት ሰሌዳው ሊቀር ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀር ላይ ይሁን፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ ባዮስ አይንኩ።

«11 ካልገባለት አዲስ መግዛት ግድ ነው»

ሥራው ብራውዘር፣ ኢሜይልና ጽሑፍ ለሆነ ሰው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንት 22፣ አለ፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ከ4 እስከ 8 ጊጋባይት ራም ባለው የ6ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ አማርኛ መጻፊያም በአይባስ በኩል ይጫንለታል። ሳይጭኑት በፍላሽ አስነስተው ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን ይሞክሩት። ፒችትሪና ሙሉው የዴስክቶፕ ኦፊስ ግን ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው፤ ያለ እነሱ መዋል የማይችል ሰው በተጨማሪው ማሻሻያ 10 ላይ እየቆየ 8ኛ ትውልድ ያገለገለ ላፕቶፕ ቢያፈላልግ ይሻለዋል።