የአየርላንድ ድራማ መነቃቃት በየትኛው ቋንቋ ነበር?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ላስረዳ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። መነቃቃቱ በ1900 ገደማ አየርላንዳዊ ቲያትር ለመፍጠር የተደረገ ንቅናቄ ነው። ተውኔቶቹ ሁሉ በአይሪሽ (በአየርላንድ ነባር ቋንቋ) የተጻፉ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም። ዋና ጸሐፊዎቹ ዬትስ፣ ሌዲ ግሪጎሪና ሲንጅ በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት፤ አየርላንዳዊ ያደረጋቸው ታሪኩና የገጠሩ ሰው አነጋገር ነው። በአይሪሽም ተሠርቷል፤ የዳግላስ ሃይድ አጭር ተውኔት በ1901 ደብሊን ላይ ታይቷል።

«ብሔራዊ» ቲያትር ማለት ደግሞ ሕዝብን ማሞገስ አይደለም። በ1904 ደብሊን ላይ በተከፈተው የንቅናቄው መድረክ፣ አቤይ ቲያትር፣ በ1907 የሲንጅ ተውኔት «አባቴን ገደልኩ» የሚል ወጣትን እንደ ጀግና የሚያይ መንደር ሲያሳይ፣ ተመልካቹ ስማችን ጠፋ ብሎ አዳራሹን ቀወጠው፤ ፖሊስም ተጠራ። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ስለ ማንነት ዋናው ክርክር የነበረው እዚያ ጩኸት ውስጥ ነው። የአየርላንድ መንግሥት ከ1925 ጀምሮ አቤይን በገንዘብ መደገፉ የተረጋገጠ ነው፤ ቲያትሩ ለአገሪቱ ነፃነት ምን ያህል አስተዋፅኦ አደረገ የሚለው ግን እንደ ጸሐፊው ይለያያል።