«መሮ ከተባለ መዶሻ»፦ የአንድ የጃፓን አናጢዎች አባባል ትርጉምና ምንጭ

ጃፓኖች «ኖሚ ቶ ኢኤባ ጹቺ» የሚሉት አባባል አላቸው። ኖሚ መሮ፣ ጹቺ ደግሞ መዶሻ ነው፤ ቃል በቃል ሲመለስ «መሮ ከተባለ፣ መዶሻ» ይሆናል። ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። «አምጣ» ወይም «አቀብል» የሚለውን የሚሞላው ሰሚው ነው፤ አባባሉ የሚያስተምረውም ያልተነገረውን ከራስ ሞልቶ መገኘትን ስለሆነ፣ ጉድለቱ ያለ ምክንያት የቀረ አይመስለኝም።

ትርጓሜው አስቸጋሪ አይደለም። ዋናው አናጢ ግንዱ ላይ ተቀምጦ «መሮ!» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ መሮውን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ረዳት ትእዛዙን ፈጽሟል፤ ጌታው ግን መሮውን እንደያዘ ወይ መዶሻ ፍለጋ ይነሣል፣ ወይ ሁለተኛ ይጣራል። ሁለቱን ደርቦ ያመጣ ረዳት ሥራው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ያደርጋል። ከዚህ በመነሣት አባባሉ ከአናጢነት አልፎ፣ በማንኛውም ነገር የተጠየቀውን ብቻ ሳይሆን ተከትሎ የሚመጣውንም አስቀድሞ ለሚያስብ ሰው ይነገራል።

አባባሉ በአናጢዎች መካከል ብቻ አልቀረም። በኤዶ ዘመን (ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን) የተስፋፋ «ኢሮሃ ካሩታ» የሚባል የካርታ ጨዋታ አለ፤ በእያንዳንዱ ፊደል የሚጀምር አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር በካርታ ላይ ይጻፍና ልጆች አንባቢውን እየሰሙ ካርታውን ይሻሙበታል። የዛሬዋ ቶኪዮ፣ የያኔዋ ኤዶ፣ «ኖ» በሚለው ፊደል ላይ «ጉሮሮን ካለፈ ትኩስነቱ ይረሳል» የሚለውን ስትጽፍ፣ የኪዮቶው ካርታ መሮውንና መዶሻውን መርጧል።

ለመሆኑ ከዕቃዎች ሁሉ መሮና መዶሻ ለምን ተመረጡ? በጃፓን ሁለት ሰዎች የሚስቡት ትልቁ መጋዝ በሙሮማቺ ዘመን (ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን) ከመስፋፋቱ በፊት፣ ጣውላ የሚገኘው ግንድን በመሮና በሽብልቅ በመሰንጠቅ ነበር። ሁለቱንም የሚነዳቸው መዶሻ ነው። የአባባሉ «ጹቺ» ብዙውን ጊዜ የሚጻፍበት ምልክትም በጎኑ «ዛፍ» የሚለውን ምልክት የያዘ ነው፤ ማለትም ከእንጨት የተሠራው መዶሻ ነው። የብረቱ መዶሻ «ብረት» በሚለው ምልክት የሚጻፍ ሌላ ፊደል አለው።

እኔ አባባሉን በወጉ የተረዳሁት ግን ከመዝገበ ቃላት አይደለም፤ ከኮቤ ከተማ ባሻገር በምትገኘው በሚኪ፣ የአናጢ መሣሪያ ብቻ ከሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ ነው። ሚኪ የቀጥቃጮች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1578 እስከ 1580 በቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ጦር ተከብባ ወደቀች፤ የፈረሰውን መልሶ ለመገንባት አናጢዎች፣ ለአናጢዎቹም መሣሪያ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ተሰበሰቡባት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 መጋዟ፣ መሮዋ፣ መላጊያዋ፣ የግንበኛ ማንኪያዋና ትንሿ ቢላዋዋ በአገሪቱ መንግሥት የባህላዊ ዕደ ጥበብ ዕውቅና አግኝተዋል።

ባለ ሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ባለ 24 ሚሊ ሜትር መሮ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ከመሳቢያ አውጥተው በጨርቅ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ከዚያም ምንም ሳልናገር ከጎኑ እጀታ የሌለው የመዶሻ ራስ አኖሩ። ሊሸጡልኝ የፈለጉ መስሎኝ መዶሻ እንዳለኝ በምልክት ነገርኋቸው። ፈገግ ብለው የመሮውን እጀታ ጫፍ በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት፣ የታሰረበት የብረት ቀለበት ተንቀሳቀሰ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የጃፓን መሮ ከሱቅ ሲወጣ ገና ለሥራ አልደረሰም። ስለቱ ጠንካራ አረብ ብረት ከለስላሳ ብረት ጋር በእሳት ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ጠንካራው ይቆርጣል፣ ለስላሳው የምቱን ኃይል ይችላል። ጀርባው መሐሉ ጎድጎድ ስላለ በድንጋይ ሲሳል ቶሎ ይስተካከላል። እጀታው ብዙ ጊዜ ከኦክ ዛፍ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት እንጨቱ በምት ብዛት እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። ቀለበቱን አጥብቆ ማስገባት ግን የገዢው ፈንታ ነው። መጀመሪያ ወጥቶ የውስጥ ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል። ቀጥሎ የእጀታው ጫፍ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እየተባለ ይጨፈለቃል፤ ይህን ጃፓኖች «ኪጎሮሺ»፣ እንጨት መግደል ይሉታል። ከዚያ ቀለበቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት በላዩ እስኪተርፍ ድረስ ይገባል፤ የተረፈው እንጨትም በመዶሻ ተደብድቦ ወደ ውጭ ይታጠፍና ቀለበቱን ጨብጦ ይይዘዋል። ስለዚህ ይህ መሮ አንዲት ቀዳዳ እንኳ ሳይቀድ ገና በመዶሻ ይሠራል። ሽማግሌው ያሳዩኝ ይህንን ነበር።

መዶሻቸውም ቢሆን መታየት የሚገባው ነው። «ጌኖ» ይባላል፤ አንዱ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ መሮ ሲመታበት፣ ሌላው በጥቂቱ ጎበጥ ብሎ ምስማርን እንጨቱን ሳይጎዳ መጨረሻ ድረስ ያስገባል። በእጄ የነበረው 375 ግራም ሲሆን፣ በጥንቱ መለኪያ ልክ 100 ሞንሜ ነው። ስሙን ያገኘው በ14ኛው መቶ ዘመን ከኖረው መነኩሴ ከጌኖ ነው ይባላል፤ ናሱ በሚባል ቦታ የነበረውን፣ የቀረበውን ሁሉ የሚገድል ድንጋይ በመዶሻ ሰባብሮታል የሚል ታሪክ አለ። (ያ ነው የሚባለው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ለሁለት ተሰንጥቆ መገኘቱ በጃፓን ብዙ አነጋግሯል።)

እኛ «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» እንላለን። ሁለቱ አባባሎች ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። የእኛው ብልህነትን እንደ አንበሳ ጥርስ ከሰውየው ጋር የተፈጠረ አድርጎ ያየዋል። የጃፓኑ ግን ስለ ተፈጥሮ ብልህነት ምንም አይልም፤ መዶሻውን ለማምጣት አዋቂ መሆን ሳይሆን መሮ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። በባህላዊው የአናጢ ቤት ጌታው ቁጭ ብሎ አያስተምርም ነበር፤ ተለማማጁ ሙያውን «አይቶ ይስረቅ» ይባላል። መዶሻ ደርቦ የሚመጣው ያ የሰረቀው ልጅ ነው።

አባባሉን በደፈናው የሚይዝ ሰውም ሊሳሳት ይችላል፤ መሮ ሁሉ አይመታምና። «ጹኪ ኖሚ» የሚባለው እጀታው ረዥም፣ ቀለበት የሌለው፣ በእጅ ብቻ ተገፍቶ እንጨትን በስሱ የሚልግ ነው። በመዶሻ ቢመታ እጀታው ይሰነጠቃል። ከመውጣቴ በፊት እርሱንም ጠየቅሁ። ሽማግሌው አምጥተው ከፊቴ ካስቀመጡት በኋላ መዶሻውን ገሸሽ አደረጉና፣ በቦታው የመሳያ ድንጋይ አኖሩ።